ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ፦ ምልክቶቹን ከመለየት እስከ ሕክምና ክትትል

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መጠጡ ከቁጥጥሩ ውጭ እየሆነ እንደመጣ ለሚሰማው ሰው እና ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ለሚኖር ቤተሰብ ነው። በአገራችን መጠጥ ለማቆም የሚወስን ሰው ብዙውን ጊዜ በድንገት ነው የሚወስነው። ከከባድ ጠብ ወይም ከውርደት በኋላ ይምላል፣ በንስሐ አባቱ ይገዘታል፣ አለዚያም ዘመድ ቤት ሄዶ በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ውሳኔው የሚከበር ነው። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ያለ ሐኪም እርዳታ በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ሕይወቱ ሊያልፍ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ቅደም ተከተላቸው የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠጣውን መጠን ማወቅ፣ ቀጥሎ ሰውነት ምን ያህል እንደለመደው መለየት፣ ማቋረጡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

1. የሚጠጡትን መጠን ይመዝግቡ

ሐኪም «ምን ያህል ይጠጣሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልፎ አልፎ» ወይም «እንደ ሰው ነው» የሚለው መልስ ለሕክምናው አይጠቅምም። ለአንድ ሳምንት በትንሽ ደብተር ላይ የጠጡትን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ የመጀመሪያውን የጠጡበትን ሰዓት እና አብሮዎት የነበረውን ሰው ይጻፉ። በዚያ ሳምንት ለማሳመር ብለው አይቀንሱ፤ የሚፈለገው እውነተኛው መጠን ነው።

መጠኑን ለማነጻጸር የዓለም ጤና ድርጅት 10 ግራም ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መለኪያ ይወስዳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለበት አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። 40 በመቶ የሚደርስ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳም ወደ 13 ግራም ስለሚጠጋ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አራት መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው አራት ቢራ ጠጥቶ ሥራ እንደገባ ይቆጠራል። የጠላና የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በትክክል ማስላት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የብርሌውን ወይም የጣሳውን ብዛትና ስፋት መጻፍ ይበቃል። «ጠላ እኮ መጠጥ አይደለም» ብለው ከመዝገቡ አያውጡት። ጠላ ጠማቂዎችና አረቄ አውጪዎችም ለማጣጣም ብለው በየቀኑ የሚቀምሱትን መመዝገብ አለባቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀመሰው ሲደመር ብዙዎችን ያስደነግጣል።

2. ምልክቶቹን ይለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ የአልኮል ጥገኝነት በሦስት ነገሮች ይታወቃል። የመጀመሪያው መቆጣጠር አለመቻል ነው፤ ሰውየው ሁለት ጠርሙስ ብሎ ገብቶ ግሮሰሪው እስኪዘጋ ይቀመጣል። ሁለተኛው መጠጥ ከሌላው ነገር ሁሉ መቅደሙ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤና፣ ሌላው ቀርቶ ምግብ ከመጠጥ በኋላ ይመጣሉ፣ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ሦስተኛው የሰውነት መላመድ ነው፤ በፊት ያሰክር የነበረው መጠን አሁን ምንም አይመስለውም፣ ሳይጠጣ ሲቀርም ሐራራው ይነሳበታል። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ በ12 ወራት ውስጥ ተደጋግመው ከታዩ፣ ወይም በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ቢያንስ ለሦስት ወራት ከዘለቁ፣ ጉዳዩ የሕክምና ጉዳይ ሆኗል።

ሐኪሞች ኦዲት የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅም ይጠቀማሉ። 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ እንደሆነ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ ጥገኝነት ሳይኖርበት እንደማይቀር ይገመታል። መጠይቁ ግን ምርመራውን ለመጀመር የሚረዳ እንጂ በራሱ ፍርድ አይደለም።

በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ክርክር አለ፤ «ሱሰኛ ብሆን ኖሮ ሁዳዴን ሙሉ ሳልጠጣ እከርም ነበር?» የሚል። ሃምሳ አምስት ቀን ሳይጠጡ መቆየት መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ ለሕክምናውም ጥሩ ምልክት ነው። ሆኖም ሱስ አለመኖሩን አያረጋግጥም። በዚህ ጊዜ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው፤ የጾሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት እንዴት አለፉ? እንቅልፍ ነበረዎት? እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር? ቀኑን ይቆጥሩ የነበረው ለፋሲካ ነው ወይስ ለመጠጡ? ከፋሲካ በኋላስ በስንት ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱ? በሳምንት ውስጥ እንደነበረው ከሆነ፣ ጾሙ ሱሱን አቆይቶታል እንጂ አላሸነፈውም።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጡትን ጨብሲ ብዙ ጊዜ እንደ መጠጥ አይቆጥሩትም። በየቀኑ የሚቅም ሰው በየቀኑ ጨብሲ የሚወጣ ከሆነ ሁለት ሱስ እርስ በርስ እየተጎተቱ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

3. ከማቋረጥዎ በፊት ሰውነትዎ ምን ያህል እንደለመደው ይወቁ

ከመመሪያው ሁሉ ይህን ክፍል ሳይቸኩሉ ያንብቡት።

ጠዋት ከመኝታዎ እንደተነሱ፣ ምንም ሳይጠጡ፣ ሁለቱን እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው ጣቶችዎን ይክፈቱ፤ አንድ ሰው በጣቶችዎ ላይ ስስ ወረቀት ያስቀምጥልዎት። ወረቀቱ የሚርገፈገፍ ከሆነና አንድ ሁለት መለኪያ ሲጠጡ መንቀጥቀጡ የሚተው ከሆነ ሰውነትዎ ያለ አልኮል መሥራት እየተቸገረ ነው። ቤተሰብ ይህን ከሌላ ነገር ሊያስተውለው ይችላል። ሰውየው የቡና ሲኒ በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣል፣ ከረፋድ በፊት ፊርማ ከሚያስፈልግበት ቦታ ይሸሻል፣ ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፣ ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበዋል።

እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ሲያቆም የሚሆነው የሚከተለው ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 ሰዓት ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማስታወክ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ አንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፤ ያለበትን ቦታና ቀኑን ያጣል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ የሌለ ሰው ሲጠራው ይሰማል፣ ሰውነቱ ያተኩሳል። ይህ የመጨረሻው ሁኔታ ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መንፈስ ያዘው» ብሎ አስሮ ሊያስቀምጠው ወይም ሩቅ መንገድ ይዞት ሊሄድ ይችላል። እባክዎ በዚያ ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ አዲስ አበባ ከሆኑ በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውሉ። ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረውም የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ቀንና ሰዓት ነው።

ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ወይም የቃዠ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በዕድሜ የገፋ፣ ምግብ ካቆመ የቆየ፣ ከመጠጥ ጋር ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሁሉ መጠጡን ማቋረጥ ያለበት ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ጠዋት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ በአንድ ቀን አያቋርጥ። ምግብ እየበላ፣ ውኃ እየጠጣ፣ የለመደውን መጠን ሳያበዛና በድንገት ወደ ዜሮ ሳያወርድ ሕክምናው ዘንድ ይድረስ። ይህ ለመጠጣት ፈቃድ አይደለም፤ ቀጠሮው በሳምንታት ሳይሆን በቀናት ውስጥ መሆን አለበት።

ስለ ጠበል ደግሞ ይህን ማለት እወዳለሁ። እምነቱ ያለው ሰው ጠበል መሄዱ ከሕክምና ጋር አይጋጭም፤ ከመጠጥ ቤትና ከጓደኛ ርቆ፣ በጸሎትና በሥርዓት መቆየቱ ለብዙዎች ጉልበት ሆኗቸዋል። አደጋው ያለው ጊዜው ላይ ነው። ያ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጾም ተጨምሮበት፣ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሲያልፍ ነው ሰው የሚሞተው። መጀመሪያ ሳምንቱን በሕክምና ጨርሶ፣ መድኃኒቱን ይዞና የሚወስድበትን ሰዓት ለአስታማሚው አስረድቶ ቢሄድ ሁለቱንም ያገኛል።

4. የት እንደሚሄዱ ይወስኑ

መነሻው በአካባቢዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ባሉባቸው ጤና ጣቢያዎች የመጀመሪያው ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሪፈሩን መያዝዎ ከወጪ ያድንዎታል።

በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ክፍል አለ። «አማኑኤል ገባ ይሉኛል» ብለው የሚሸሹ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ይህ ከሆነ የሚያግድዎት፣ በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ወዳለ የሳይካትሪ ክፍል ይሂዱ እንጂ ሕክምናውን አይተዉት። ባለሙያው የነገሩትን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

«በሦስት ቀን ሱስ የሚያስለቅቅ» ወይም «ሳያውቅ በምግቡ የሚጨመር» እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ዱቄትና ጠብታ አይግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት የሚያወርድ መድኃኒት ከሆነ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ።

በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ እንደሚሰጥ ይወቁ፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች በ1-800-662-4357 በማንኛውም ሰዓት በነጻ ደውለው በአቅራቢያቸው ያለ የሱስ ሕክምና የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሆስፒታል ሲደርሱም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

5. ሐኪሙ ፊት ሳይሸሽጉ ይናገሩ

ደብተሩን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ እና የቤትዎን ሁኔታ የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ በተለይ ይናገሩ፤ አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲሆን በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጨምራል። ስለ ጫት፣ ስለ ትራማዶል፣ ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆሙ አንቀጥቅጦ ጥሎዎት ከሆነ ስለዚያ፣ ስለ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ ራስን የመግደል ሐሳብ መጥቶ ከሆነም ስለዚያ አይደብቁ። ሴቶች መጠጣታቸውን ለመናገር ከወንዶች ይበልጥ ያፍራሉ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ከቤተሰብ ፊት መናገር ከከበደዎት ከባለሙያው ጋር ለብቻዎ መሆን እንደሚፈልጉ መጠየቅ መብትዎ ነው።

6. ሕክምናው ምን እንደሚመስል ይወቁ

የመጀመሪያው ምዕራፍ አልኮልን ከሰውነት በሰላም ማስወጣት ነው። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ዳያዜፓም ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት ያዝዛል፤ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ በአንድ ሳምንት አካባቢ ያበቃል። ይህን መድኃኒት ከፋርማሲ ራስዎ ገዝተው አይጀምሩ፤ ከመጠጥ ጋር ሲወሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ ራሱም ሱስ ያስይዛል።

ከዚህ ጋር የሚሰጠው ታያሚን ማለትም ቫይታሚን ቢ 1 ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው በቂ ምግብ ስለማይበላ፣ አልኮሉም ቫይታሚኑ በአንጀት እንዳይመጠጥ ስለሚከለክል፣ እጥረቱ አንጎልን ይጎዳል፤ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ዐይኑ በትክክል መንቀሳቀስ ያቅተዋል። በሰፈር ክሊኒክ ጠዋት ጠዋት ግሉኮስ ማስተከል የለመዱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ ጉዳቱን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ታያሚን ቀድሞ ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። የሚያክምዎትን ሰው በግልጽ ይጠይቁት።

ሰውነት ከጸዳ በኋላ ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይወጣል፤ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያቋርጥ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ይመለስበታል። ዋናው ሕክምና የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለወራት የሚዘልቅ የምክር አገልግሎት፣ አብሮ ላለ ድብርት ወይም ጭንቀት ሕክምና፣ እንደ ሁኔታውም ፍላጎትን የሚቀንስ መድኃኒት። ናልትሬክሶን የመጠጥ ስሜቱን ያደበዝዛል፤ ትራማዶል ወይም ሌላ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ግን አይሰጥም። አካምፕሮሴት መጠጥ ያቆመ ሰው እንዳይመለስ ይረዳል፤ የኩላሊት ምርመራ ይፈልጋል። ዳይሰልፊራም ደግሞ መጠጥ ሲነካው ፊትን የሚያቀላ፣ የሚያስታውክና ልብን የሚያስመታ ስለሆነ፣ ታካሚው አውቆና ተስማምቶ ብቻ ነው የሚወስደው። ኪኒኑን ካቆመ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስም ኃይሉ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም በየፋርማሲው ስለማይገኙ፣ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የታዘዘልዎት የት እንደሚገኝ ይጠይቁ።

7. ለቤተሰብ

በሰከረበት ሰዓት አይከራከሩት፤ የሚናገሩት ነገር በማግሥቱ አይታወስም። አእምሮው ንጹሕ በሆነበት ጊዜ ብቻውን አግኝተው፣ አንድ የተወሰነ ነገር አንሥተው ይናገሩ። ሚስት «አንተ ሁልጊዜ ሰካራም ነህ» ከምትለው ይልቅ «ሐሙስ ማታ ወድቀህ ስትመጣ ልጃችን በር ከፍቶልህ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ እኔም ፈራሁ፤ ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» ብትለው የበለጠ ይሰማል። እምቢ ካለ፣ የሚያከብረውን ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም የንስሐ አባቱን ይዞ መነጋገር ይቻላል። የሚመረጠው ሽማግሌ ግን አብሮት የማይጠጣ ይሁን።

ግሮሰሪ ያለበትን ዱቤ እየከፈሉ፣ ከሥራ የቀረበትን ቀን በውሸት ምክንያት እየሸፈኑ ከኖሩ ይህን ያቁሙ፤ ለምግብ፣ ለሕክምና እና ለልጆች የሚሆነውን ግን አይከልክሉ። ድብደባ ካለ ማስታመሙ ይቆይ፤ እርስዎና ልጆቹ መጀመሪያ ደህና ቦታ ይሁኑ።

8. ካቆሙ በኋላ ያሉትን ወራት ያዘጋጁ

እንቅልፍ ለሳምንታት ሊዛባ ይችላል፤ ይህ የሚያልፍ ስለሆነ «ለእንቅልፍ ብቻ» ብለው መለኪያ አያንሡ። ደመወዝ የሚገባበትን ቀን አስቀድመው ያቅዱ፤ ያን ቀን ከሥራ ሲወጡ የሚቀበልዎት ሰው ይኑር፣ መንገድዎም በለመዱት ግሮሰሪ በር አይሁን።

ሰርግ፣ ለቅሶና የጽዋ ማኅበር ከግሮሰሪው ይበልጥ ይከብዳሉ፤ ምክንያቱም የሚጋብዝዎት ሰው በፍቅር ነው የሚቀዳልዎት። ለማኅበሩ ሙሴና ለደጋሹ ቀድመው «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ፤ ይህ እውነት ነው፤ ሌላ ማብራሪያም አይጠየቁበትም። ብርዝ ከቀረበልዎት ያላደረ መሆኑን ይጠይቁ፤ ቅራሪ ግን ቢቀጥንም ጠላ ነው።

ካገረሸብዎት ያንኑ ቀን ወይም በማግሥቱ ለባለሙያው ይደውሉ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ፣ አፍረውም አይቅሩ። በቀድሞው መጠን አይጠጡ፤ ሰውነትዎ ልምዱን ስለተወ ያ መጠን አሁን ሊመርዝዎት ይችላል። ለብዙ ቀናት በተከታታይ ጠጥተው ከሆነና ጠዋት መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ደግሞ እንደገና ወደ 3ኛው እርምጃ ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜም ብቻዎን በድንገት አያቁሙ፤ የቀድሞውን የሕክምና ካርድዎን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።